ጣና ላይ የተሠራ ጥናት ጣና ዳር ይነበብ፦ ስለ ክፍት ምርምርና ክፍት ማስተማሪያ እንወያይ

ጣናዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጣና ላይ የተሠራ ጥናት ባሕር ዳር ተቀምጦ ማንበብ አለመቻል ይከነክነኛል። ውኃው እዚህ ነው። ጀልባው እዚህ ነው። ናሙናውን የቀዱት፣ መረቡን የጎተቱት፣ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብለው መጠይቅ የሞሉት የዚሁ አገር ልጆች ናቸው። ፔፐሩ ታትሞ ሲወጣ ግን ለማንበብ ሠላሳ፣ አርባ ዶላር ይጠየቅበታል። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ተማሪ አላውቅም።

አሁን የማማክራት የማስተርስ ተማሪ እምቦጭ ላይ ነው የምትሠራው። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል። ሐይቁ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ስንቱን ሸፈነ ሲባል ግን ሄክታሩ ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል። ሁሉም ተሳስተዋል ማለት አይደለም። እምቦጭ ክረምቱ ሲወጣ ይሰፋል፣ በበጋ ይሳሳል፣ ነፋስም ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይገፋዋል። ጥቅምት ላይ የተለካውና ግንቦት ላይ የተለካው አይወዳደሩም። በየትኛው ምስል፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ስሌት እንደተለካ ካላወቅን በቁጥሩ ላይ መሥራት አንችልም። ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ደግሞ ድምሩ ብቻ ነው።

ተማሪዬን የረዳት የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ነው። ምስሉን ማንም በነፃ ያወርደዋል። እያንዳንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ታሳያለች፤ በአምስት ቀን አንዴ አዲስ ምስል ይመጣል። የአሜሪካው ላንድሳት ማህደርም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፃ ነው። ላንድሳት በዶላር በሚሸጥበት ዘመን ቢሆን ይሄ ጥናት በአንድ ተማሪ ላፕቶፕ አይሞከርም ነበር። አስቡት፤ ሰው ከሰማይ ያነሳውን በነፃ ሰጠን፣ እኛ ከጀልባ ላይ የለካነውን ግን እርስ በርሳችን አንሰጣጥም።

መመሪያ የለም እንዳይባል፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥቷል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለሕዝብ ክፍት ይሁን ነው የሚለው። ዩኔስኮም በዚያው ዓመት ስለ ክፍት የትምህርት ግብዓቶች፣ በ2021 ደግሞ ስለ ክፍት ሳይንስ ምክረ ሐሳብ አጽድቋል። እኔ የምለው ደብዳቤ እስኪመጣ አንጠብቅ ነው። እያንዳንዳችን ላፕቶፕ ውስጥ ያለውን እናውጣ። እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ምን ያስቸግራችኋል?

የመጻሕፍት ሰው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ጣናዳር፣ ጥሩ ነገር አነሱ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለምሠራ ከዚያ በኩል የማየውን ልጨምር።

አንድ ፔፐር ሦስት ቅጂ አለው። መጀመሪያ ለጆርናሉ የላካችሁት አለ። ገምጋሚዎች አይተውት፣ አስተካክላችሁ፣ ተቀባይነት ያገኘው አለ። ከዚያ አሳታሚው በራሱ መልክ አስውቦ ያወጣው ፒዲኤፍ አለ። ብዙ አሳታሚዎች መካከለኛውን ቅጂ በተቋማችሁ የኢንተርኔት ማከማቻ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳሉ። አንዳንዱ ወዲያው፣ አንዳንዱ ከ6 ወር፣ ሌላው ከ12 ወይም ከ24 ወር በኋላ። ቀድሞ ሼርፓ ሮሚዮ ይባል የነበረው፣ አሁን ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር የተባለው ድረ ገጽ ላይ የጆርናሉን ስም ስትጽፉ ይነግራችኋል። ለዚህ አንድ ብር አይከፈልም።

ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ግን ይዞ የሚመጣው ሦስተኛውን ነው። እሱን ደግሞ አሳታሚው አይፈቅድም። "መካከለኛውስ?" ስል የለም። የወርድ ፋይሉ ከላፕቶፑ ጋር ጠፍቷል፣ ወይም አብሮ ጸሐፊው ጋ ቀርቷል፣ እሱም አገር ለቋል። ስለዚህ አደራ የምለው ይሄን ነው። የተቀባይነት ኢሜይሉ በደረሳችሁ ቀን ያንን የወርድ ፋይል ለብቻው አስቀምጡ። ለራሳችሁም በኢሜይል ላኩት። በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ቀን።

ለተማሪዎ ደግሞ፣ የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የሚከፍቱትን ሂናሪና አጎራን ትሞክር። ሂናሪን የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው፣ አጎራን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2003። ሁለቱም አሁን ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ሥር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ከሚጠቀሙት ምድብ ነን። የይለፍ ቃሉን ቤተ መጻሕፍቷን ትጠይቅ። ይሄ ለዛሬ ይጠቅማታል። ተመርቃ ከግቢ ስትወጣ ግን በሩ ይዘጋባታል፣ ስለዚህ እርስዎ ያሉት ነገር አሁንም መሠራት አለበት።

አዲሱ ሌክቸረር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ክፍት ይሁን ስትሉ ለእኛ ለጀማሪዎቹ የሚሰማን ሌላ ነው። ክፍት ጆርናል ላይ ለማውጣት ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ዶላር ይጠይቃሉ። ደመወዜን ታውቁታላችሁ። በሌላ በኩል በየቀኑ "ውድ ፕሮፌሰር፣ ጽሑፍዎን ላኩልን፣ በአንድ ሳምንት እናወጣለን" የሚል ኢሜይል ይጎርፋል። ፕሮፌሰር አይደለሁም፣ በሙያዬም አይደሉም። አንድ ጓደኛዬ ለእንደዚህ ዓይነቱ ከፍሎ አወጣ። ለማዕረግ ዕድገት ሲያቀርበው ኮሚቴው አልቀበልም አለው። ገንዘቡም ሄደ፣ ፔፐሩም ሄደ፤ አንዴ ታትሟል ተብሎ ሌላ ቦታ ማውጣትም አልቻለም። ታዲያ ክፍትነት ለሀብታም ብቻ ነው ወይስ መንገድ አለው?

የመጻሕፍት ሰው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

መንገድ አለው ወንድሜ። መክፈልና ክፍት መሆን አንድ አይደሉም። አሁን ከላይ የነገርኳችሁ፣ የተቀበሉትን ቅጂ ማከማቻ ውስጥ ማስገባት፣ ክፍያ የለውም። ክፍት ጆርናሎችም ቢሆኑ ሁሉም አያስከፍሉም። ከጸሐፊም ከአንባቢም የማይወስዱ አሉ፣ ዲያመንድ ይሏቸዋል። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከሚያወጧቸው ጆርናሎች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን ላይ ፈልጋቸው።

የሚያስከፍሉት ትልልቅ አሳታሚዎችም ከዝቅተኛ ገቢ አገር ለሚመጣ ጸሐፊ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ የሚተዉበት አሠራር አላቸው። ግን ጥያቄው ጽሑፉ ሲላክ ነው መቅረብ ያለበት። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ "ቅነሳ አድርጉልኝ" ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም። የሁሉም ጸሐፊዎች አድራሻ የት እንደሆነም ያያሉ፤ ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው ተጓዳኝ ጸሐፊ አውሮፓ ከሆነ ላይፈቀድላችሁ ይችላል።

ጆርናሉን ለማጣራት ዶአጅን ክፈት። በ2003 እ.ኤ.አ. ስዊድን፣ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ዝርዝር ነው፤ ዛሬ ከ20,000 በላይ ክፍት ጆርናሎች አሉበት። ዶአጅ ውስጥ የሌለ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ግን እዚያ የሌለ፣ በአንድ ሳምንት አወጣለሁ የሚል፣ አንተን ራሱ ፈልጎ የመጣ ከሆነ ተወው።

ዓሣና ጀልባ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡15

እኔ በግልጽ እቃወማለሁ። ፔፐሩ ይከፈት፣ ችግር የለብኝም። ዳታውን ክፈቱ ስትሉ ግን ቁሙ።

የዓሣ ዳታ ቤት ተቀምጦ አይሰበሰብም። ሌሊት መረብ ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይነሳል። እያንዳንዱ ዓሣ ይለካል፣ ይመዘናል፣ ሆዱ ተከፍቶ የእንቁላሉ ደረጃ ይታያል። ማዕበል ሲነሳ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚሰማው የወጣ ያውቀዋል። ይሄን ለዓመታት ሠርቼ ኤክሴሉን ኢንተርኔት ላይ ባስቀምጠው፣ ፈጣን ኮምፒውተርና ፈጣን እንግሊዝኛ ያለው ሰው በሁለት ወር ፔፐር ያወጣበታል። እኔ ደግሞ አሁንም አንደኛውን ፔፐሬን እየጻፍኩ ነኝ። የጤፉንስ ጉዳይ ረሳችሁት? ዘሩን ሰጠን፣ ፓተንቱን፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ማለት ነው፣ ሌላ ወሰደው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ጣና ውስጥ 15 ገደማ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። በርካቶቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ እንቁላል ለመጣል ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭ ሽቅብ ይወጣሉ። የወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቶቹን በሙሉ ይሰበስባቸዋል። እኔ የትኛው ገባር፣ የትኛው ጠጠራማ ቦታ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚጥሉ በጂፒኤስ መዝግቤያለሁ። ይሄን ክፈት ትሉኛላችሁ? ከፍቼው በሚቀጥለው ነሐሴ እዚያው መረብ ቢዘረጋ ማን ይጠየቃል?

የሕግ ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ዓሣና ጀልባ፣ የጤፉ ነገር ሁልጊዜ ይነሳል፤ እስከ መጨረሻው ግን አይነገርም። በ2005 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ዘር ስምምነት አደረገች። ኩባንያው ታጭዶ ከቆየ ጤፍ በሚሠራ ዱቄት ላይ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን አልሞተም፣ እጅ ቀየረ። መጨረሻ ላይ በ2018 ሄግ ያለ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን ፓተንት ውድቅ አደረገው። ምክንያቱም የፈጠራ ብቃት የለውም የሚል ነው።

ፓተንት የሚሰጠው አዲስ ለሆነ ነገር ነው። አስቀድሞ የወጣ፣ ቀን የተጻፈበት፣ ማንም ሊያየው የሚችል ጽሑፍ ካለ አዲስ ነው የሚለው ክርክር ይፈርሳል። መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ጥናት ግን ለማንም ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የታተመና የተከፈተ ነገር ብዙ ጊዜ ከሌባ ይጠብቃል እንጂ አያጋልጥም።

ይሄ ሁሉም ይከፈት ማለት አይደለም። የባሕል መድኃኒት ዕውቀት፣ የማኅበረሰብ ዘር፣ እነዚህ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቡ። ፈቃዱ የማኅበረሰቡም ነው፣ የተመራማሪው ብቻ አይደለም።

ጣናዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ዓሣና ጀልባ፣ የመራቢያ ቦታውን በተመለከተ ካንተ ጋር ነኝ። እሱ አይከፈትም። ዩኔስኮም ቢሆን በሰውና በተፈጥሮ ላይ ጉዳት የሚያመጣው ይዘጋ ነው የሚለው። ግን ለአንዱ ዓምድ ብለህ ፋይሉን በሙሉ አትቆልፈው። ጂፒኤሱን አውጣው፣ "የጉማራ ገባር" ብለህ ብቻ ጻፍ፣ ቀኑን ወደ ወር ለውጠው። ርዝመቱ፣ ክብደቱ፣ የመረቡ ዓይን ስፋት እንዳለ ይውጣ። በነዚህ ብቻ የዓሣው መጠን ከዓመት ዓመት እያነሰ መሆን አለመሆኑን ማየት ይቻላል። ትክክለኛው ቦታ የሚያስፈልገው ሰው ለምን እንደፈለገው ጽፎ ይጠይቅህ።

ቀድመው ይወስዱብኛል ለሚለው ደግሞ፣ ዳታህን አስቀምጠህ የሚከፈትበትን ቀን ራስህ መወሰን ትችላለህ። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። እስከዚያ ፔፐርህን ጻፍ። ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር ስለሚሰጠው በስምህ፣ በቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል። የተጠቀመበት ሰው እንደ ፔፐር መጥቀስ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዳትቀየመኝ። ከባዱን ዳታ የምንሰበስበው ሰዎች ጡረታ እንወጣለን፣ እንታመማለን፣ ሥራ እንቀይራለን። ያንተ ኤክሴል አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ያለ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ሌሊት አንዲት ፍላሽ ላይ ነው የተንጠለጠለው። የጣናን ዓሣ የዛሬ ሃያ ዓመት የሚያጠና ልጅ የዛሬውን ቁጥር ከየት ያመጣዋል? ሐይቁን ተመልሶ መለካት አይችልም።

ፖሊ ሲቪል | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 5፡30

መምህሮቼ፣ እናንተ ስለ ፔፐር ታወራላችሁ፤ ለእኛ ለተማሪዎቹ ግን ትልቁ ጉዳይ ሃንድአውት ነው። አንዱን ልንገራችሁ።

ከባች ወደ ባች የሚተላለፍ የሃይድሮሊክስ ሃንድአውት አለን። መጀመሪያ በፎቶ ኮፒ፣ ከዚያ በስካን፣ አሁን በቴሌግራም። የጻፈው ሰው ስም የለበትም፣ ዓመት የለበትም። ገጾቹ ጠቁረዋል። የቦይ ውኃ ፍጥነት የሚሰላበት የማኒንግ ቀመር ላይ የሃይድሮሊክ ራዲየሱ በ2/3 ነው ከፍ ማለት ያለበት፤ እዚያ ላይ ያለው ምሳሌ ግን በ3/2 ነው የተሠራው። ራዲየሱ 2 ሜትር ቢሆን በትክክለኛው 1.59 ይመጣል፣ በስህተቱ 2.83። የውኃው ፍጥነት በ78 በመቶ አድጎ ቁጭ አለ ማለት ነው። በዚህ ቦይ የሚነድፍ ሰው ምን እንደሚሠራ አስቡት። ከአንድ ክፍት መጽሐፍ ጋር ሳመሳክረው ነው ያየሁት። ስህተቱን ለማን ልንገረው? ባለቤቱ አይታወቅም። ፒዲኤፉ ስካን ስለሆነ ማስተካከልም አይቻልም። ዘንድሮም ያው ፋይል ሼር ተደርጓል።

ይሄ ሃንድአውት የሚስተካከል ፋይል ቢኖረው፣ የጸሐፊው ስምና ቀን ቢኖረው፣ "ተጠቀሙበት፣ አሻሽሉት፣ ስሜን ጥቀሱ" የሚል ፈቃድ ቢኖርበት፣ አንዴ ታርሞ ያልቅ ነበር።

ደግሞ ኦፍላይን አትርሱ። በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እኛ የተማርነው ላፕቶፕ ላይ በነበረው ነው። ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው ኪዊክስ ላይ የወረደ ዊኪፔድያ፣ ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡት የፌት ሲሙሌሽኖች፣ የራይስ ዩኒቨርሲቲ የኦፐንስታክስ የፊዚክስ መጽሐፍ። እነዚህ ሁሉ በነፃ ይወርዳሉ፣ በፍላሽ ይተላለፋሉ፣ ማንም ሌባ አይለንም። ክፍት የሚባለው ነገር ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ከሆነ ለእኛ ግማሹ የለም።

የፔዳ መምህር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ልጄ፣ ሌሊት በአምስት ሰዓት ተኩል ይሄን መጻፍህ ደስ አለኝ። እንደ አስተማሪ እውነቱን ልንገርህ። ብዙዎቻችን ኖታችንን የማናወጣው ክፉ ሆነን አይደለም። ባልደረባ ያየዋል፣ ይተቸዋል ብለን እንፈራለን። አንዳንዱም ኖቱ ከወጣ ተማሪ ክፍል አይገባም ይላል። ኖት ስላገኘ ብቻ የሚቀር ተማሪ ካለ ክፍል ውስጥ የምንሠራው ነገር መፈተሽ አለበት፤ ኖቱን መደበቅ መፍትሔ አይሆንም።

እኔ የሞከርኩት በአሳይመንት በኩል ነው። ተማሪ የሚጽፈውን አሳይመንት አንድ ሰው ብቻ ያነበዋል፣ እሱም እኔ። ማርክ ይሰጠውና ቢሮ ጥግ ይከመራል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይጣላል። ይሄ የስንት ወጣት ድካም ነው? ስለዚህ አማርኛው ዊኪፔድያ ላይ ስለ ጣና ደሴቶች እንዲጽፉ አደረግሁ። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ናርጋ ሥላሴ።

ስለ ናርጋ የጻፈችው ልጅ "በጥንት ዘመን የተሠራ ውብ ቤተ ክርስቲያን ነው" ብላ ጀመረች። አንድ የማናውቀው ሰው ገብቶ ምንጭ ጠየቃት። ደነገጠች። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ፈልጋ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት ከነምንጩ አስገባች፤ "ውብ" የሚለውን አውጥታ ስለ ግድግዳ ሥዕሎቹ ጻፈች። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ "ምንጭ!" ብዬ ብጽፍላት እንደዚያ አትሮጥም ነበር። የማላውቀው ሰው ያነበዋል የሚለው ነገር ሰውን ይለውጣል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ስሙን ወይም ጽሑፉን አደባባይ ማውጣት የማይፈልግ ተማሪ ሊገደድ አይገባም። ለኔ ብቻ ሰጥቶ እኩል ማርክ ማግኘት አለበት።

ብራና | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡10

መምህር ደሴቶቹን ስላነሱ አንድ ቃል ልበል፤ የግዕዝ ብራና ነው የማጠናው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ብዙ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ባለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ዛሬ ብዙው ኢንተርኔት ላይ ተመዝግቦ በነፃ ይነበባል። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ገዳም ሳልሄድ፣ ብራናውን ሳላገላብጥ አወዳድራለሁ።

ግን ዕቃ ቤት ውስጥ ያለውን ብራና ፎቶ አንስቶ መልቀቅ የተመራማሪው መብት አይደለም። የገዳሙ አባቶችና እናቶች ይሁን ማለት አለባቸው፤ ቅጂውም ለገዳሙ መመለስ አለበት። ፎቶ አንስቶ የሄደ ብዙ ነው፣ ይዞላቸው የተመለሰ ጥቂት ነው። ክፍትነት ከዚህ ቢጀምር እወዳለሁ።

ፎገራ ሜዳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45

እኔ ዩኒቨርሲቲ አይደለሁም። የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ሐይቁ ዳር ባሉ ቀበሌዎች ነው የምሠራው። ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ፔፐሩ ቢከፈት፣ ዳታው ቢከፈት፣ እኔ የማገለግላቸው ገበሬዎች ምን ያገኛሉ?

በየዓመቱ ተመራማሪ ይመጣል። መጠይቅ ይዞ ይገባል፣ ቤተሰብ ስንት ነው፣ በሬ ስንት አለህ፣ እምቦጭ ምን አደረሰብህ ይላል። ገበሬው ሥራውን ትቶ ይመልሳል፣ ቡና ይፈላል። ከዚያ ሰውየው ይሄዳል። ገበሬው እኔን ይጠይቀኛል፦ "ያ ልጅ ምን አገኘ?" መልስ የለኝም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። እምቦጭ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይበሰብስ መቆየት ይችላል። በተመቸው ጊዜ ደግሞ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ይሄን እኔ ከስንት ጊዜ በኋላ ከአንድ ሥልጠና ላይ ሰማሁት። እናንተ ጋ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቆይቷል። እኛ ዘመቻ የምንወጣው ሲመቸን ነበር። አረሙ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ከጨረሰ በኋላ እየነቀልን ውኃው ዳር እንከምረው ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ገባ። ሳያብብ ንቀሉት፣ ከውኃው አርቃችሁ አድርቁት የሚል አንድ ገጽ በአማርኛ ቢደርሰን ኖሮ የስንት ሰው ጉልበት በተረፈ። ሕዝቡ አንገቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነው የሚነቅለው እኮ፣ አልቅትም አለ።

ስለዚህ ልመናዬ ይሄ ነው። ፔፐር ስታወጡ ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ አብራችሁ አውጡ። ምን ጠየቅን፣ ምን አገኘን፣ ገበሬው ምን ያድርግ። ስልክ ላይ የሚነበብ ይሁን። በድምፅ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይደርሳል፤ ማንበብ የማይችለውም ይሰማዋል።

ጣናዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ፎገራ ሜዳ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ከተጻፈው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። እኔ ከዛሬ ጀምሮ የማማክራቸው ተማሪዎች ከቲሲሱ ጋር ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ሳያያይዙ አልፈርምም። ለዚህ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገኝም። የእምቦጭ ተማሪዬ የመጀመሪያዋ ትሆናለች፤ ረቂቁን ለእርስዎ ልላክ? ገበሬው ይገባዋል አይገባውም የሚለውን ከእርስዎ የተሻለ የሚፈርድ የለም።

የሕግ ሰው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ከመጠይቁ ጋር የተያያዘ ነገር ልጨምር። የገበሬዎች መጠይቅ ዳታ ሲከፈት ስም መሰረዝ ብቻ አይበቃም። ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የሥራ ዓይነት አንድ ላይ ከተቀመጡ ሰውየው ይታወቃል። በአንድ ቀበሌ ሞተር ጀልባ ያላት ሴት አንዲት ብቻ ብትሆን፣ ስሟን ብትሰርዙትም ጎረቤቷ ዕዳዋን ጭምር ያነበዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ እዩት። ፈቃድ ስትጠይቁም "መልስዎ ስምዎ ተሰውሮ ለሌሎች ተመራማሪዎች ሊሰጥ ይችላል" የሚለውን ከመጀመሪያው ንገሯቸው። በኋላ ተመልሶ ማስፈቀድ ከባድ ነው።

ለፖሊ ሲቪልና ለመምህራኑ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት ሥራው ሲፈጠር ይወለዳል፣ ምዝገባ አይጠይቅም። ስለዚህ ፈቃድ ያልተጻፈበት ኖት በሕግ ዝግ ነው፣ ባለቤቱ ደግ ሰው ቢሆንም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባሉት ፈቃዶች ለዚህ ነው ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጡት። ሲሲ ባይ ማለት ስሜን ጥቀስና እንደፈለግህ ተጠቀም ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። ተቋሙ አዞና ከፍሎ ያስጻፈው ሞጁል ከሆነ ግን መብቱ የተቋሙ ሊሆን ስለሚችል ውላችሁን አንብቡ። ከሌላ መጽሐፍ ላይ የገባ ሥዕል ካለም እሱን አውጡት ወይም በራሳችሁ ሥዕል ተኩት።

ፖሊ ሲቪል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

እንግዲያው የሃይድሮሊክሱን እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከባዶ እንጽፈዋለን፣ ስካኑን አንነካም። ሥዕሎቹን ራሳችን እንሥላለን። የሚያይልን መምህር ግን ያስፈልገናል። ሳይታይ አናወጣውም፤ ሌላ ስህተት እንዳንጨምር።

ዓሣና ጀልባ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። የማዕረግ ዕድገት ላይ ዳታ ያወጣ ሰው ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ሰው አይንቀሳቀስም፣ ይሄን አሁንም እላለሁ። የ2019ኙ ፖሊሲ ክፍትነት በምዘና ውስጥ ይግባ ብሎ ካበረታታ፣ ዲፓርትመንት ደረጃ የሚያስፈጽመው ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ድምፃችንን እናሰማ።

የፍላሹ ነገር ግን ልክ ነው። የርዝመትና የክብደቱን ፋይል፣ ቀረሶና አምባዛንም ጨምሬ አወጣለሁ። የመራቢያ ቦታዎቹ ይቀራሉ። ሁለት ጥያቄ ለመጻሕፍት ሰው፦ አብሮኝ የሠራ ሰው ውጭ አገር አለ፣ ምን ላድርግ? የት ላስቀምጠውስ?

የመጻሕፍት ሰው | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

አብሮ ለሠራው ሰው ኢሜይል ጻፍለት። ምን ምን ዓምድ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ የሰዎቹ ስም በምን ቅደም ተከተል እንደሚሆን ዘርዝርለት። "እስማማለሁ" ብሎ የመለሰውን ኢሜይል አስቀምጠው።

ዜኖዶ የሚባል የዳታ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጠው፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን ነው የሚያስተዳድረው፣ ክፍያ የለውም፣ ዲኦአይ ይሰጥሃል። ከመጫንህ በፊት ኤክሴሉን በማንኛውም ፕሮግራም ወደሚከፈተው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል፣ ወደ ሲኤስቪ፣ ለውጠው። ከሱ ጋር አንድ የጽሑፍ ፋይል አድርግ፤ እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሆነ፣ ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ይሁን በሚሊ ሜትር፣ እስከ ጭራው ጫፍ ይሁን እስከ ጭራው መሐል፣ ባዶ ቦታ ማለት አልተለካም ይሁን ዜሮ። ይሄ ከሌለ ሌላ ሰው ፋይሉን ቢያገኝም አይጠቀምበትም። ለአሁን ይዘጋ ካልክ የሚከፈትበትን ቀን እዚያው ትሞላለህ። የተመራማሪ መለያ የሆነው የኦርሲድ ቁጥር ከሌለህ መጀመሪያ እሱን አውጣ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሰዓት ቢሮ ነኝ። ላፕቶፕህን ይዘህ ና፣ አብረን እንጭነዋለን።